ከዳዊት ጋር የተጠረዘው ፍቅር

የእህቴ ልጅ ሠርጓ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ ማምሻ ወደ ቤቴ መጣች። የመጣችው የጥሪ ወረቀቱን አማርኛ እንዳርምላት ነበር። ጀርመን አገር ተወልዳ ያደገች ናትና «ሐ» ከ«ሀ»፣ «ሠ» ከ«ሰ» ይምታታባታል። አርሜላት ስጨርስ ግን አልተነሣችም። የሻይ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ ጥቂት ከቆየች በኋላ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ መጽሐፍ ስለሚያገላብጡ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ እንዳይቆጡኝ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለጋብቻ ከሚዘጋጁ ወጣቶች ጋር ተቀምጣ በሰማችው አንድ ትምህርት ላይ፣ ለእጮኛዋ የሚሰማት ናፍቆት ጠላት የሚያቀርበው ፈተና እንደሆነ፣ ከጋብቻ በኋላም ቢሆን ልጅ ለመውለድ ካልሆነ በቀር በኀፍረት የሚሸከሙት ድካም እንጂ ሌላ እንዳልሆነ ተነግሯታል። «እንግዲህ ጋሼ» አለች፣ «ይኼ የሚሰማኝ ነገር ከማን ነው የመጣው?»

በእኔ ዕድሜ ያለ አበሻ ወንድ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ አልተሠራም። «ልጄ፣ እስቲ ላስብበት» ብዬ ሸኘኋት። በሩን ዘግቼ ስመለስ ግን አፈርሁ፤ ያፈርሁትም በእርሷ ሳይሆን በራሴ ነበር።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ጽሑፍ ያሰብሁት ነው። የሃይማኖት መምህር አይደለሁም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያዎች መካከል ነው። ስለሆነም የማቀርበው ፍርድ ሳይሆን ታሪክ ነው። ወንድና ሴት የሚፈላለጉበት ናፍቆት የእግዚአብሔር በጎ ስጦታ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ጥያቄ ላይ ክርስቲያኖች ለዘመናት ተከራክረዋል፤ ተወጋግዘዋል፤ ተሰድደዋልም። (የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ የእኛ ነው ብዬ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የምጀምረው ከአባቴ ዳዊት ነው። በ1970 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር አገር ጥዬ ስወጣ እናቴ በነጠላዋ ጠቅልላ የሰጠችኝ፣ በቆዳ ማኅደር የተቀመጠ፣ ማዕዘኖቹ የተበሉ የታተመ ዳዊት ነው። እንደ ማንኛውም የአገራችን ዳዊት መዝሙራቱን ብቻ የያዘ አይደለም። ከመዝሙራቱ ቀጥሎ ጸሎተ ነቢያት አለ፤ ከጸሎተ ነቢያት ቀጥሎ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን አለ፤ ከዚያም ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን ይከተላሉ። ይህን ቅደም ተከተል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስለምናውቀውም አንደነቅበትም። ሊደንቀን ግን ይገባ ነበር። ምክንያቱም መኃልየ መኃልይ፣ የመጀመሪያ ንባቡን ብቻ የወሰድን እንደሆነ፣ አንዲት ልጃገረድና አንድ ጎልማሳ የሚፈላለጉበት የፍቅር ቅኔ ነው። ልጅቱ በሌሊት ከአልጋዋ ተነሥታ ወዳጇን በከተማው አደባባይ ትፈልጋለች፤ የከተማው ጠባቂዎች ያገኟታል፤ ይደበድቧታል። እርሱ ከጠጕሯ እስከ እግሯ እያንዳንዱን ነገር እየጠራ ያመሰግናታል። ስለ ትእዛዝ፣ ስለ መሥዋዕት፣ ስለ ልጅ መውለድም የሚናገር ነገር የለበትም። የሚፈላለጉት ስለሚፈላለጉ ነው።

እንግዲህ ይህን መጽሐፍ አባቶቻችን የት አኖሩት? ሕፃናት ፊደል፣ አቡጊዳና ፊደለ ሐዋርያ ከጨረሱ በኋላ በሚማሩበት የንባብ መጽሐፍ ውስጥ! እኔ ራሴ በጌምድር ውስጥ ከአንድ ዛፍ ሥር ከየኔታ ፊት ተቀምጬ፣ ጥርሴን እየቀየርሁ፣ ስለ ከንፈርና ስለ ጡት፣ ስለ ወይን ጠጅና ስለ አልጋ በግዕዝ ስጮኽ ነበር። ትርጉሙን አላውቅም፤ ግዴም አልነበረኝም። የሚያስጨንቀኝ ተነሽና ወዳቂ ንባቡን አሳስቼ በኩርኩም መመታት ነበር።

ነገሩን ከሌላው ዓለም ጋር ባስተያየነው ጊዜ ይበልጥ ይደንቃል። በ240 ገደማ የእስክንድርያው ሊቅ ኦሪገን ለዚሁ መጽሐፍ 10 ክፍል ያለው ትርጓሜ ጽፎ ነበር። በመቅድሙ ላይ፣ ከሥጋ ግፊት ያልተላቀቀ ሰው ይህን መጽሐፍ ባይነካ ይሻለዋል ሲል ይመክራል፤ አይሁድም ለዐቅመ ማስተዋል ያልደረሰ ሰው እንዳያነበው ከሚያቆዩአቸው ጥቂት ክፍሎች አንዱ እንደሆነ ይነግረናል። በዓለም ላይ ለጎልማሶች እንኳ የተፈራው መጽሐፍ በእኛ ዘንድ የሰባት ዓመት ልጅ የሚያነበንበው ነው። ልጁ አይገባውም፤ ስለዚህ አይጐዳውም ብለው ይሆናል ይሉኝ ይሆናል። ሊሆን ይችላል። ይሁንና የማይገባውን ነገር ከመዝሙረ ዳዊት ጋር በአንድ ጥራዝ ሰፍቶ የሰጠው ሰው ገብቶታል። የሰፋውም አስቦበት ነው።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ጥቂት ወጣ ልበል። የምኖርበት ኮሎኝ ከተማ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ካህን ነበራት፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለቃ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም አለ፤ ወደ ገበያ ስሄድ አልፈዋለሁ። ይህ ሰው ሮም ሳለ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሲጸልዩ ሰምቶ ዜማውና ቋንቋው ልቡን ሳበው። ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ከተባለ መነኩሴ ዘንድ ተቀምጦ ግዕዝ ተማረ፤ በ1513ም ሮም ላይ ዳዊትን በግዕዝ ፊደል አሳተመ። ቋንቋው የከለዳውያን መስሎት ነበር፤ ተሳስቷል፤ ይቅር እንለዋለን። በዓለም ላይ በግዕዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይኸው ነው። ከመዝሙራቱና ከጸሎተ ነቢያት ጋርም መኃልየ መኃልይ አብሮ ታትሟል፤ መነኮሳቱ ዳዊት ብለው የሰጡት መጽሐፍ እርሱን ጨምሮ ነበርና። የግዕዝ የኅትመት ታሪክ በስደተኞች እጅ፣ በሰው አገር፣ አንዲት ልጃገረድ ወዳጇን የምትፈልግበትን ቅኔ ይዞ ጀመረ ማለት ነው። እኔ ይህን ባወቅሁ ጊዜ፣ በስደት መጽሐፍ ማሳተም የሚያስከትለውን ኪሳራ ሁሉ ረስቼ አንድ ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። መኃልየ መኃልይ በቅዱሳት መጻሕፍት ተራ መቆጠሩ ያለ ክርክር አልሆነም። የአይሁድ ሊቃውንት ተከራክረውበታል። በሁለተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበረው ረቢ አቂባ ግን ሌሎቹ መጻሕፍት ቅዱሳን ከሆኑ ይህኛው ቅድስተ ቅዱሳኑ ነው በሚል አነጋገር እንደተከላከለለት ሚሽና ይመሰክራል። ያው አቂባ መጽሐፉን በግብዣ ቤት እንደ ዘፈን የሚያንጐራጕሩትን ይገሥጽ ነበር። ሁለቱን አብሮ መያዙ ያስደስተኛል፤ የፍቅርን ነገር ከመቅደስ አላወጣውም፤ ለመጠጥ ማጣጫም አልሰጠውም።

ክርስቲያኖችም መጽሐፉን የክርስቶስና የቤተ ክርስቲያን፣ የእግዚአብሔርና የነፍስ ፍቅር ነው ብለው ተረጐሙት፤ የእኛ አንድምታም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ይህን ትርጓሜ የምነቅፍ አይደለሁም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይገባል፦ ምሳሌ የሚሆነው ነገር ርኩስ ቢሆን ኖሮ፣ በእርሱ የሚመሰለው ነገር እንዴት ቅዱስ ይሆናል? ንጉሥን በወርቅ ይመስሉታል እንጂ በጭቃ አይመስሉትም። የእግዚአብሔርን ፍቅር ለመግለጥ የሙሽራና የሙሽሪትን መፈላለግ የመረጠ ሰው፣ መፈላለጉ በራሱ መልካም እንደሆነ አስቀድሞ ተቀብሏል። ትርጓሜው ይህን እውነት ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም።

የተሸፈነው ነገር በግልጽ የተነገረበትም ጊዜ አለ። በአራተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ በታናሽ እስያ ጋንግራ በተባለችው ከተማ፣ ዛሬ በቱርክ አገር ቻንክሪ በምትባለው፣ ጳጳሳት ተሰበሰቡ። የተሰበሰቡት በሰባስጥያው አውስጣቴዎስ ተከታዮች ምክንያት ነበር (ከእኛው አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ጋር እንዳይምታታ)። እነዚህ ሰዎች ያገባ ሰው በእግዚአብሔር ዘንድ ተስፋ የለውም ይሉ ነበር። ሚስቶች ባሎቻቸውን ጥለው ይወጡ ነበር፤ ሴቶች ጠጕራቸውን እየቆረጡ የወንድ ልብስ ይለብሱ ነበር፤ እሑድን ይጾሙ ነበር፤ ሚስት ያለው ቄስ ከቀደሰው ቁርባን አንቀበልም ይሉ ነበር። ጉባኤው 20 ቀኖናዎች አወጣ። የመጀመሪያው ቀኖና ጋብቻን የሚነቅፈውን፣ ከባሏ ጋር የምትተኛን አማኝ ሴት የሚጸየፈውንም ሰው ያወግዛል። ሌላው፣ ያገባ ቄስ በቀደሰ ጊዜ አልቆርብም የሚለውን ያወግዛል። ሌላው ደግሞ በድንግልና እኖራለሁ ብሎ ባገቡት ላይ የሚታበየውን ያወግዛል። ልብ በሉ፣ ውግዘቱ የወረደው ባገቡት ላይ ሳይሆን ባገቡት ላይ አፍንጫቸውን በነፉት ላይ ነው። ሐዋርያት አወጧቸው የሚባሉት ቀኖናዎችም ካህን ከጋብቻ፣ ከሥጋና ከወይን ጠጅ የሚርቀው ለተጋድሎ ሳይሆን እንደ ርኩስ ቆጥሯቸው ከሆነ፣ ፍጥረትን ሰድቧልና ይሻር ይላሉ። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተጠናቅሮ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥታችን የጋንግራን ጉባኤ ከምንጮቹ መካከል ይቆጥረዋል። ለእህቴ ልጅ ያን ትምህርት የሰጣት ሰው ፍትሐ ነገሥትን ገልጦ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

በላቲን ተናጋሪው ምዕራብ ግን ነገሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ፤ የዚህም ታሪክ የሁለት ሰዎች ክርክር ነው።

አንደኛውን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ ነው። በወጣትነቱ ከአንዲት ሴት ጋር 15 ዓመት ያህል ኖሯል፤ አዴዎዳቱስ የተባለ ልጅም ወልዷል። ኋላ ለክብሩ የምትመጥን ሚስት ስለታጨችለት ያችን ሴት ወደ አፍሪካ ሰደዳት። በኑዛዜው ልቡ በመለያየቱ እንደቆሰለ ይናገራል፤ ስሟን ግን አይነግረንም። ይህን መጽሐፍ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ስሟን መፈለጌን ግን እስከ ዛሬ አልተውሁም።

አውግስጢኖስ ጋብቻን አልጠላም። በ401 ገደማ ስለ ጋብቻ መልካምነት በጻፈው መጽሐፍ ልጅን፣ መተማመንንና የማይፈታውን ምሥጢር የጋብቻ በጎነቶች ብሎ ቆጥሯል። ይህን የጻፈው ዮቪንያኖስ የተባለ መነኩሴ፣ ያገቡና ያላገቡ ክርስቲያኖች በእግዚአብሔር ፊት እኩል ናቸው በማለቱ በ393 ሮምና ሚላኖ ላይ ከተወገዘ በኋላ ነው። ሄሮኒሞስ በዮቪንያኖስ ላይ የጻፈው መጽሐፍ እጅግ ከመምረሩ የተነሣ ወዳጁ ፓማኪዮስ ቅጂዎቹን ከገበያ ለመሰብሰብ ሞክሮ ነበር። ከእርሱ ጋር ሲተያይ አውግስጢኖስ ርኅሩኅ ነው። ይሁንና ናፍቆቱን ራሱን፣ ፈቃድን ሳይጠይቅ በሥጋ የሚነሣውን ግፊት፣ ከአዳም ውድቀት በኋላ የመጣ መታወክ አድርጎ ቆጠረው። ባልና ሚስት ያለ መውለድ አሳብ ቢገናኙ፣ ይቅር የሚባል ቢሆንም በደል ነው አለ።

ሁለተኛው ሰው ብዙም አይታወቅም። በደቡብ ኢጣልያ የኤክላኑም ጳጳስ የነበረው ዩልያኖስ ነው። የጳጳስ ልጅ ነበር፤ ቲቲያ የምትባል ሚስት አግብቷል፤ ለሠርጋቸውም የኖላው ጳውሊኖስ ቅኔ ጽፎላቸዋል። ዩልያኖስ የሚለው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሥጋን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፤ የሥጋን ናፍቆት የፈጠረውም እርሱው ነው፤ ስለዚህ ናፍቆቱ በተፈጥሮው መልካም ነው፤ ኃጢአት የሚሆነው ከልኩ ሲያልፍ ነው። ክፉ ነው የምትል ከሆነ ዓለምን ክፉ አምላክ ፈጠረው ወደሚሉት ወደ ማኒ ተከታዮች ተመልሰሃል ብሎ አውግስጢኖስን ከሰሰው። ክሱ የነከሰ ነበር፤ አውግስጢኖስ በወጣትነቱ ዘጠኝ ዓመት ያህል የማኒ ተከታይ ነበርና።

እውነቱን ለመናገር ዩልያኖስ ሁሉን ነገር አልረታም። የሰው ፈቃድ ምን ያህል እንደሚሰበር የሚያውቀው አውግስጢኖስ ነው፤ ዩልያኖስ ሰውን ከሚገባው በላይ ጤነኛ አድርጎ ያያል። በስደት ዘመኔ ናፍቆት ቤት ሲያፈርስ አይቻለሁና ይህን አላቃልለውም። ነገር ግን ስጦታን ማበላሸት ይቻላል ማለትና ስጦታው ብልሹ ነው ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ418 ዩልያኖስ ከሌሎች የኢጣልያ ጳጳሳት ጋር በፔላግዮስ ላይ የወጣውን ውግዘት አልፈርምም በማለቱ ከመንበሩ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ኑሮው እንደ እኛ ሆነ፤ ከአገር ወደ አገር፣ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ። መጀመሪያ ወደ ሞፕሱኤስትያው ቴዎድሮስ ሄደ፤ ኋላም ቁስጥንጥንያ ገባ። አውግስጢኖስ በ430 ቫንዳሎች ሂፖን ከብበዋት ሳለ ሲሞት፣ በዩልያኖስ ላይ ይጽፈው የነበረው መጽሐፍ ሳይፈጸም ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት የኤፌሶን ጉባኤ ዩልያኖስን ከወገኖቹ ጋር አወገዘው። የእርሱን ቃል በብዛት የምናገኘው አውግስጢኖስ ሊሽረው ብሎ ከጠቀሰው ነው። ስለ ፍቅር፣ ስለ መኃልየ መኃልይም መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ በስምንተኛው መቶ ዓመት እንግሊዛዊው መነኩሴ ቤዳ አንባቢዎቹን ከዚያ መጽሐፍ ተጠንቀቁ ብሎ ያስጠነቅቃል። ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል አንባቢ አላጣም ማለት ነው።

የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ክርክር አልተመሩም። ከአሥራ አራቱ ቅዳሴዎቻችን አንዱ በስሙ የሚጠራው ዮሐንስ አፈ ወርቅ በወጣትነቱ ድንግልናን አብልጦ የሚያወድስ መጽሐፍ ጽፏል፤ ጳጳስ ሆኖ የባለትዳሮችን ኑሮ ካየ በኋላ ግን ቃሉ ለሰለሰ። በኤፌሶንና በቆላስይስ መልእክታት ላይ በሰበካቸው ስብከቶች ባል ለሚስቱ ከሁሉ በላይ እንደሚወድዳት በአፉ እንዲነግራት ይመክራል። ስለ ሙሽሮች አንድነት በግልጽ ሲናገር ምእመናኑ ቢያፍሩበት፣ እግዚአብሔር በሰጠው ክቡር ነገር የምታፍሩት ለምንድን ነው ብሎ ቈጥቷቸዋል። በቤተ ክርስቲያን ካፈሩት በሠርጉ ጭፈራ ላይ የማያፍሩት ለምንድን ነው ማለቱ ነበር፤ ይህ ጥያቄ ለእኛም ሳይሆን አይቀርም።

የእኛን ጉዳይ በሁለት ወገን አየዋለሁ። በአንድ በኩል ሕጉና ሥርዓቱ አለ። ዲያቆን ቄስ ከመሆኑ በፊት በተክሊል ያገባል፤ ካላገባ ይመነኩሳል። ስለዚህ በየደብሩ የሚያጠምቀን፣ የሚያናዝዘን፣ የሚቀብረን ቄስ የሚስት ባል ነው። ሙሽሮች በቤተ ክርስቲያን እንደ ነገሥታት አክሊል ይደፋሉ፤ መኃልየ መኃልይም ንጉሡ በሠርጉ ቀን እናቱ የደፋችለትን አክሊል ያነሣል። ፍትሐ ነገሥትም የሁለቱን ፈቃድ ይጠይቃል። በሌላ በኩል ደግሞ ልማዱ አለ። ልማዱ ሴት ልጅን ሳይጠይቅ ዳረ፤ አንዳንዱም ጠለፈ። ክብረ ነገሥት እንኳ ሰሎሞን ንግሥተ ሳባን በጨው ምግብና በውሃ ጥም እንዴት እንዳጠመዳት ሲተርክ የብልኀት ጨዋታ አስመስሎ ያልፈዋል። በወጥመድ የተወሰደ ነገር ስጦታ እንደማይባል ለማወቅ ግን ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

አባትና እናቴ በሰማንያ ተጋብተው ዐርባ ዓመት ኖሩ። የቆረቡት አባቴ ጠጕሩ ከነጣ በኋላ ነው። ይህ የእነርሱ ብቻ አልነበረም፤ የአካባቢያችን ሰው ሁሉ እንዲሁ ነበር። ቁርባን የማይፈታ ነው፤ የጾሙና የንጽሕናው ሥርዓትም ይከብዳል፤ ስለዚህ «ሥጋ ሲደክም እንቆርባለን» ይባል ነበር። ይህች አነጋገር ለብዙ ዓመታት አሳስባኛለች። ቀኖናው ጋብቻ ንጹሕ ነው ይላል፤ ልማዱ ግን ናፍቆት እስኪሞት ድረስ ከቅዳሴው ውጭ ቁም ይላል። ሁለት ወጣቶች በእውነት በሚዋደዱበት ዘመን ከምሥጢሩ ርቀው፣ ሲያረጁ መቅረባቸው ምን አስተማረን? ማንም ሳይሰብክልን፣ ናፍቆትና እግዚአብሔር በአንድ ቤት አያድሩም የሚል ትምህርት ተማርን። የእህቴ ልጅ የሰማችው ከዚህ የወጣ ይመስለኛል፤ ከቀኖናው ግን አልወጣም።

ቋንቋችንም ተባብሯል። በአማርኛ «ፍትወት» ስንል ወዲያው ኃጢአት ይታየናል። በግዕዝ ግን «ፈተወ» ማለት ወደደ፣ ናፈቀ፣ ተመኘ ማለት ነው፤ «ፍትው» የተወደደ ማለት ነው። ትግርኛ የቃሉን ክብር ጠብቋል፤ ኤርትራዊት ጎረቤቴ ልጇን ለትምህርት ስትሸኝ ሳም አድርጋ «እፈትወካ» ትለዋለች። በግሪኩ ወንጌልም ጌታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ፋሲካን ሊበላ እንዴት እንደናፈቀ የተነገረበት ግሥ፣ በተራራው ስብከት ሴትን አይቶ ለመመኘት ከተነገረው ግሥ ጋር አንድ ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ የሚለየው ወዴት እንደሚሄድ ነው።

ዘርዐ ያዕቆብንም ሳላነሣ ባልፍ አንባቢ ይወቅሰኛል። ሐተታው በ17ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ ነው ይባላል፤ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 የጣልያናዊው ካህን የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ድርሰት ነው ብሎ ከጻፈ ወዲህ ክርክሩ አልተቋጨም፤ ክላውድ ሰምነር ለኢትዮጵያዊነቱ ብዙ ተከራክሯል። እኔ በዚህ አልገባም። ማንም ይጻፈው፣ በግዕዝ የተጻፈ ነውና፣ ምንኩስና ከጋብቻ ይበልጣል የሚለውን ትምህርት የፈጣሪን ጥበብ መንቀፍ ነው ይላል። ዘርዐ ያዕቆብ በእንፍራዝ የጌታውን የሐብቱን አገልጋይ ኂሩትን ሲያገባ፣ ባልና ሚስት እኩል ናቸውና ከእንግዲህ አገልጋይ አትባልም ብሏል። ተማሪው ወልደ ሕይወት ደግሞ ባል የራሱን ደስታ ብቻ ሳይሆን የሚስቱንም እንዲያስብ፣ እግዚአብሔር ለእርሷም የሰጣትን ድርሻ እንዳይነፍጋት ይመክራል። ሁለቱም የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት በብዙ ነገር የተዉ ሰዎች ናቸው። በዚህ ነገር ግን ከጋንግራ ጳጳሳት ጎን ቆመው አገኘኋቸው።

ምዕራቡም ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ መንገዱ ግን እሾህ ነበረበት። በ1544 ካስቴልዮ መኃልየ መኃልይን የሥጋ ፍቅር ዘፈን ነው በማለቱ ካልቪን በጄኔቫ የስብከት ሹመት እንዳያገኝ አደረገው። የሳላማንካው መምህር ሉዊስ ደ ሌዮን፣ እርሱም የአውግስጢኖስ ማኅበር መነኩሴ ነበር፣ መጽሐፉን ወደ ስፓኝ ቋንቋ መተርጐሙ ከክሶቹ አንዱ ሆኖበት ከ1572 እስከ 1576 ታሰረ። በ2005 ግን የሮሙ ጳጳስ ቤኔዲክቶስ 16ኛ የመጀመሪያ ሐዋርያዊ መልእክታቸውን በወንድና በሴት ፍቅር ጀመሩ፤ ያም ፍቅር ለእግዚአብሔር ፍቅር ባዕድ እንዳልሆነ ጻፉ። አሮጌው ክርክር 1600 ዓመት ፈጀ።

የእኛ ሰው መጽሐፉን በገዛ ቋንቋው ለመስማት የበቃው ጎጃሜው መነኩሴ አቡ ሩሚ ካይሮ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ ስለመለሰ ነው። እርሱ በዚያው ሞተ፤ ሥራው በ1840 ታተመ። እርሱም ስደተኛ ነበር። እኛ ቤት የገባው ግን በእኛ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. የወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። አባቴ መዝሙራቱን በሳምንቱ ቀናት ይከፋፍላቸውና እሑድ ጸሎተ ነቢያትንና መኃልየ መኃልይን ይደግም ነበር። እናቴ ቡናዋን እየቈላች «ይኼስ ምን ይላል?» ትለዋለች። እርሱም ሁልጊዜ «ስለ ቤተ ክርስቲያን ነው» ይላታል። እኔ የተማሪ ቤት ጎረምሳ ሆኜ አዲሱን መጽሐፍ ይዤ በገባሁበት ክረምት ያንኑ ክፍል በአማርኛ ጮክ ብዬ አነበብሁት። አባቴ ወደ ምድጃው ዞረ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች፤ ከዚያም «አንተ ሰውዬ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ደብቀኸኝ!» አለችው። አባቴ መልስ አልሰጠም፤ ፊቱ ላይ ያየሁትን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሐፍረት አልነበረም።

የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳ መጣች። ከላይ የጻፍሁትን እንደ ነገሩ እያቆራረጥሁ አጫወትኋት። ስለ ጋንግራ ስነግራት ዝም ብላ ሰማች። ስለ አውግስጢኖስና ስለ ዩልያኖስ ስጨርስ ግን፣ «የዩልያኖስ ሚስት ስሟ ማን ነበር ያሉኝ?» አለች።

«ቲቲያ።»

«የዚያኛውስ?»

«አልጻፈውም» አልኋት።

ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ ማኅደሩን አወረድሁ፤ እናቴ በቀይ ክር ምልክት ያደረገችበትን ገጽ ገልጬ ከፊቷ አኖርሁት። ግዕዝ አታውቅም፤ ፊደሉን ግን እየቆጠረች ታነባለች። ጣቷን በመስመሩ ላይ አድርጋ ቀና አለችና፣ «ጋሼ፣ ይኼስ ምን ይላል?» አለችኝ።

መነጽሬን አደረግሁና ተረጐምሁላት።